ተቋርጦ የቀረው ቪዲዮ

ሰው ከሚጸጸትባቸው ጥፋቶች አብዛኞቹ በክፋት የተሠሩ አይደሉም፤ «ነገ እጨርሰዋለሁ» ተብለው የተተዉ ናቸው። እኔ ይህን የተማርሁት ለብዙ ዓመታት ካስተማርሁበት ክፍል ሳይሆን በቤቴ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ኮምፒዩተር ነው።

በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር የእኅቴ ልጅ አያቱን በስልኩ ቀረጻት። እናቴ ከደጃፏ ተቀምጣ፣ እንዝርቷን እያሾረች፣ የዘራችንን ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ስትቆጥር የሚያሳይ የ14 ደቂቃ ቪዲዮ ነበር። በቤተሰባችን ይህን ቆጠራ አጣርታ የምታውቅ እርሷ ብቻ ነበረች። ልጁም ቪዲዮውን ፋይሎች ለጥቂት ቀናት ብቻ በሚቆዩበት የኢንተርኔት ማከማቻ አኑሮ፣ «ጋሼ፣ ሳይነሣ ቶሎ አውርደው» ሲል አድራሻውን ላከልኝ።

የፋይሉ መጠን 840 ሜጋባይት ነበር። በዚያው ምሽት ማውረድ ጀመርሁ፤ ይሁንና 590 ሜጋባይት ያህል እንደ ወረደ መብራት ጠፋ። ነገ እቀጥላለሁ ብዬ ተኛሁ። በማግሥቱ የመጽሐፍ ረቂቅ ማረም ያዝሁ፤ ነገም ተነገ ወዲያን እየወለደ ሳምንቱ አለቀ። ተመልሼ ብሞክር ፋይሉ ከማከማቻው ተነሥቷል። ልጁን ብጠይቀው ስልኩ በአውቶቡስ መናኸሪያ ተሰርቋል። እናቴም በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ አረፈች።

አርባዋ ከወጣ በኋላ ያ በከፊል የወረደ ፋይል ትዝ አለኝ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ፣ ከስሙ ጫፍ «ፓርት» የሚል ቅጥያ ተለጥፎበት ተቀምጧል። ቅጥያውን አንሥቼ ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ብከፍተው አንዳች ነገር አላሳየኝም። አንድ ቀን ሙሉ ከታገልሁ በኋላ ኮምፒዩተር ወደሚጠግን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዘንድ ይዤው ሄድሁ።

ወጣቱ ከሁሉ አስቀድሞ የፋይሉን ቅጂ አዘጋጀ። «መምህር፣ በዋናው ላይ ሙከራ አይደረግም» አለኝ። ቀጥሎም ችግሩን እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦

«በአንድ የቪዲዮ ፋይል ውስጥ ሁለት ዋና ነገሮች አሉ። አንደኛው ሥዕሉና ድምፁ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እያንዳንዱ ሥዕልና ድምፅ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚያመለክት ማውጫ ነው። ብዙ ስልኮች በኤምፒፎር ሲቀርጹ ማውጫውን የሚጽፉት ቀረጻው ካበቃ በኋላ፣ በፋይሉ መጨረሻ ነው። ማውጫው ከፊት ቢሆን ኖሮ የወረደው ያህል በታየ ነበር። የእርስዎ ፋይል የተቆረጠው ከመጨረሻው በኩል ስለሆነ ሥዕሉ አለ፤ መንገድ የሚመራው ግን የለም። ለመሆኑ በዚያው ስልክ፣ በዚያው አኳኋን የተቀረጸ ሌላ ጤነኛ ቪዲዮ አለዎት?»

ጥቂት አሰብሁ። በዚያው ዓመት በገና ሰሞን የእኅቴ ልጅ በፍላሽ ገልብጦ የሰጠኝ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ነበረኝ። ዶሮዎች በግቢ ውስጥ ጥሬ ሲለቅሙ ከማሳየት በቀር ምንም ቁም ነገር ስላልነበረበት ብዙ ጊዜ ላጠፋው አስቤ፣ በስንፍና የተውሁት ነው። ወጣቱም አንትራንክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ ሁለቱን ፋይሎች ሰጠው። ፕሮግራሙ ከጤነኛው ፋይል ሥዕሉና ድምፁ የሚጻፍበትን አኳኋን ያጠናል፤ ከዚያም በተቆረጠው ፋይል ውስጥ የእያንዳንዱን መነሻ እየፈለገ አዲስ ማውጫ ይሠራል። እንዲህ ሆኖ፣ ያ የናቅሁት የዶሮዎች ቪዲዮ የእናቴን ድምፅ የሚከፍት ቁልፍ ሆነ።

ወደ 10 ደቂቃ የሚጠጋ ቪዲዮ ተገኘ። እንዝርቷ ሲሾር አየሁ፤ ድምፅዋንም ሰማሁ። ከአባቷ ጀምራ እያንዳንዱን ስም፣ ከነሥራውና ከነአገሩ፣ ረጋ ብላ ትቆጥራለች። አምስተኛውን ጠርታ «የእርሱ አባት ደግሞ» ስትል ሥዕሉ ተሰባብሮ ቆመ።

«የቀረውስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ወጣቱ አቀረቀረ። «መምህር፣ ፕሮግራሙ የወረደውን ያስተካክላል እንጂ ያልወረደውን አይፈጥርም» አለኝ።

ስድስተኛውን ስም የእኅቴ ልጅ አስታወሰው። ሰባተኛውን ፍለጋ ወደ ትውልድ መንደራችን ወርጄ ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ፤ አንዱ አንድ ስም፣ ሌላው ሌላ ስም ነገረኝ። ስለዚህ በማስታወሻ ደብተሬ ስድስቱን ጽፌ የሰባተኛውን ቦታ ባዶ ተውሁት። ልጆቼ ለምን ባዶ እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ መብራት ስለ ጠፋ ሳይሆን እኔ ሳምንት ሙሉ ስለ ዘገየሁ ነው።

እናንተም ተማሪዎች፣ የምታወርዱት ፋይል ቢቋረጥባችሁ ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት። ምንጩ ሳይነሣ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጉ፤ ይህ ካልሆነም ቅጂውን አኑራችሁ ዐዋቂ አማክሩ። ከዚህም ሁሉ በፊት ግን አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ዛሬ ጠይቋቸው።

መልመጃ

1. ጸሐፊው ለሰባተኛው ስም መጥፋት ምክንያት ያደረጉት ማንን ነው? እናንተስ በዚህ ትስማማላችሁ?
2. ወጣቱ ከሁሉ አስቀድሞ ቅጂ ያዘጋጀው ለምንድን ነው?
3. «ነገም ተነገ ወዲያን እየወለደ» የሚለውን አነጋገር በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ተጠቀሙበት።
4. የናቃችሁት ነገር የጠቀማችሁን ጊዜ በማስታወስ አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።