አልበራ አለች

«እስቲ የአባትሽን ድምፅ አሰሚኝ» አለችኝ እማዬ፣ ሰኞ ማታ ከእራት በኋላ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። ጨው አቀብይኝ እንደማለት ቀለል አድርጋ ነው ያለችው። እኔም «እሺ» ብዬ ተነሣሁ። ከመኝታ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ታብሌቷን አወጣሁና ማብሪያዋን ተጫንሁ። ዝም። ደግሜ ተጫንሁ። ዝም። እማዬ ጆሮዋን ወደኔ አዘንብላ ትጠብቃለች።

አባዬ ያረፈው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሕይወቱን አስተርከው ነበር። ጋዜጠኝነት በዲፕሎማ ተምሬ፣ የስንቱን ባለሥልጣንና የስንቱን ዘፋኝ ቃል ስቀዳ ኖሬ፣ የገዛ አባቴን ለመቅዳት ሠላሳ አራት ዓመት መፍጀቴን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ያህል ድምፅ አለ። ሁሉም ያለው በዚያች ጠፍጣፋ ዕቃ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ አልገለበጥሽውም ወይ? ለምትሉኝ አንባብያን መልሴ አጭር ነው፤ አልገለበጥሁትም። ለመገልበጥ መክፈት ነበረብኝ። ከከፈትሁ ደግሞ መስማቴ ነው። ስለዚህ ከቀብሩ ማግሥት መሳቢያ ውስጥ ከተትኋትና ዘጋሁባት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ አልነካኋትም።

ለሙት ዓመቱ የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር።

አባዬ ራዲዮ ሠሪ ነበር። በዚያ በአምፖል ራዲዮ ዘመን ደሴ ላይ ጀምሮ፣ ኋላም አዲስ አበባ ገብቶ፣ በአንድ ካቻቢቴና በአንድ ሳልዳቶር አምስት ልጅ ያሳደገ ሰው ነው። የሞተ ራዲዮ ሲመጣለት ክዳኑን ለመክፈት አይቸኩልም። መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ሶኬቱን፣ ቀጥሎ ገመዱን ያያል። «ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ ግማሹ በሽታ ደጅ ላይ ቆሞ ታገኚዋለሽ» ይለኝ ነበር። እኔም ያን ሌሊት የራዲዮ ሠሪ ልጅ መሆኔን ላሳይ ተነሣሁ።

ከግድግዳው ጀመርሁ። የራስጌ መብራት ሰክቼ ሞከርሁ፤ ኤሌክትሪክ አለ። ገመዱን ቀየርሁ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ የቻርጀሩን ጭንቅላት አገላብጬ፣ እንደ መድኃኒት ብልቃጥ ጽሑፍ የደቀቀችውን መስመር በእማዬ መነጽር አነበብሁ። 5 ቮልት፣ 1 አምፔር ይላል። የድሮ ስልኬ ቻርጀር ኖሯል! ታብሌቷ የምትፈልገው 2 አምፔር ነው። ለሷ በእንስራ ፈንታ በስኒ ውኃ ማቅረብ ማለት ነው። የራሷን ቻርጀር ፈልጌ አመጣሁ። ቀዳዳዋንም በባትሪ መብራት አየሁት። የጥጥ ብናኝ ሞልቶታል። ብረት እንዳይነካው ተጠንቅቄ በእንጨት ስንጥር አወጣሁት። ሰክቼ ተኛሁ። ሌሊት መብራት ሄዶ ኖሮ ጠዋት ስነሣ እንደ ጠፋች ናት።

ማክሰኞ ማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ይዤ እስከ ሠላሳ ቆጠርሁ። የደነዘዘን ታብሌት በግድ የሚያነቃው መንገድ ይህ ነው ይባላል። የኔዋ ግን አልነቃችም። ማታ ክፍሉን አጨልሜ መስታወቷ ላይ ከጎን በኩል መብራት አበራሁባት። የጠፋው የስክሪኑ መብራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥዕሉ ደብዝዞ ይታይ ነበር። ምንም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካዊው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረቱት «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌት ከነካርቶኑ አስቀምጦላቸው ነበር። አስተማሪም መመሪያም አልነበራቸውም። ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በካርቶኑ ይጫወታሉ ብለው ጠብቀው ነበር። ኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት ግን አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያዋን አግኝቶ አበራት። እኔ ደግሞ ዲፕሎማዬን ይዤ ማብሪያዋን እያወቅሁ ቀናት ፈጀሁ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደተሰካች ካደረች በኋላ፣ የፋብሪካዋ ምልክት ብልጭ አለ። እልል ልል ስል ጠፋ። እንደገና ብልጭ አለ። ጠፋ። አጣድፌ በዘንቢል ይዣት መርካቶ ወረድሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ አንዴ አይቷት፣ ማስቲካውን ሳያቋርጥ፣ «ሶፍትዌር ነው። ፎርማት ትደረግ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ።

«ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ነገርስ?»

«ይጠፋላ! ግን እንደ አዲስ ትሆንልሻለች።»

እንደ አዲስ! ይህን ቃል ሰምቼ እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። ልጁን አልፈርድበትም። ወደ ሱቁ የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚፈልገው ዕቃው እንዲበራለት ነው። እኔ ግን ዕቃዋ ዳግመኛ ባትበራም ግድ አልነበረኝም። ታብሌቷን ከእጁ ወስጄ ስወጣ «ሌላ ቦታም ያው ነው!» አለኝ ከኋላዬ።

ያው አልነበረም። ሁለት መንገድ ተሻግሬ ያገኘኋቸው ሰውዬ ፀጉራቸው የሸበተ ነው፤ ጠረጴዛቸው ላይ ካቻቢቴዎቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ይህን ሳይ ልቤ ተረጋጋ። «ከመቼ ወዲህ ነው ያልበራችው?» ብለው ጠየቁኝ። ጀርባዋን በሙቅ አየር አላቅቀው ባትሪውን አወጡና መስታወት ላይ አጋደሙት። አላበጠም። ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳም፣ እሳት ነው አሉኝ። ከዚያ ቴስተሩን አስነኩት። 2.3 ቮልት።

«ሙሉ ስትሆን 4.2 አካባቢ ናት። ከ3 በታች ስትወርድ ረሃብ ነው። ስታስቀምጫት ስንት ላይ ነበረች?»

አስታወስሁ። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ላይ አባዬ ሲያወራ ጥጓ ላይ ቀይ ምልክት እያሳየች ነበር። ንግግሩን ላለማቋረጥ ብዬ ሳልሰካት ቀረሁ።

«ባዶ ሆዷን ነዋ የቆለፍሽባት! ጠፍታ እንኳ ቢሆን ጥቂት ጥቂት ትበላለች። የሚቀመጥ ባትሪ ግማሽ ላይ ሆኖ ነው የሚቀመጥ፤ በየጥቂት ወሩም መታየት አለበት።» ብልጭታውንም አስረዱኝ። ከቻርጀሩ የምታገኘው ጉልበት ለመነሣት ያህል ይሆናታል፤ ስክሪኑና አንጎሏ አንድ ላይ ሲጠይቁ ግን ባትሪው መሸከም ያቅተዋል፣ ትወድቃለች። የሶፍትዌር በሽታ የሚመስለው ለዚህ ነው። በረሃብ የተጎዳን ባትሪ አባብሎ ማስነሣት ቢቻልም ውስጡ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል አይታመንም፤ መቀየር ይሻላል አሉ።

«ውስጧ ያለውስ?» አልሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ መሰለኝ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«እሱ ያለ ኤሌክትሪክ ይቀመጣል። ባትሪ ሞተ ተብሎ አይጠፋም። የሚያጠፋው ሰው ነው።»

ማስታወሻዋን ብቻ ነቅሎ ሌላ ዕቃ ላይ ማንበብ አይቻልም ወይ ብዬም ጠየቅሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከስድስተኛው አንድሮይድ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ የያዙትን በቁልፍ ያመሰጥራሉ። ቁልፉም ከዚያችው ሰሌዳ ጋር የተቆራኘ ነው። ሰሌዳዋ ከሞተች አበቃ። ለሌባ የተሠራው አጥር ለኔም አጥር መሆኑ ነው።

አዲስ ባትሪ ፈልገው ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። ታብሌቷ ፊቴ ስትበራ ቀኑን ከዓመታት በፊት አድርጋ ታሳያለች። የምሥጢር ቁጥሬን ስጽፍ ጣቴ ሁለቴ ተሳሳተ። ዘጠኙም ሰዓት አለ። እዚያው ቆሜ፣ አንዲት ቃል ሳልሰማ፣ ሁለት ፍላሽ ላይ አስገለበጥሁት። አንዱን ለታላቅ ወንድሜ ላክሁለት።

ማታ እማዬ ጎን ተቀመጥሁና የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ከፈትሁ። ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ የስኒ ድምፅ፤ ከዚያ አባዬ። ደሴ ላይ ወደ አንድ ሰው ቤት ራዲዮ ሊሠራ ሄዶ፣ ራዲዮው ምንም ሳይሆን ሶኬቱ ብቻ ተነቅሎ ማግኘቱን ይተርካል። የባለቤቱ ልጅ ቡና ይዛ ገባች። «ከዚያማ ሶኬቱን ሰክቼ መሄድ እንዴት ይሆንልኛል? በሽታው ከባድ ነው ብዬ ራዲዮውን ወሰድሁትና ሦስት ቀን አቆየሁት» ይላል እየሳቀ።

እማዬ እጄን ያዘች። «አቁሚው» አለችኝ። ያለቀሰች መስሎኝ ዞር አልሁ። ቅንድቧን ሰብስባ ታብሌቷ ላይ አፍጥጣለች።

«ሦስት ቀን? ውሸቱን ነው! ሁለት ሳምንት ነው ያቆየው። አባቴ ዜና ናፍቆት ሊያብድ ነበር። በይ አሁን ቀጥይ፣ ምን እንደሚል ልስማው።»