ወንዙ የት ገባ?

ካውቦይ ፊልም የሚወድ ሰው «ሆም ኦን ዘ ሬንጅ» የሚለውን ዘፈን ሳይሰማው አይቀርም። አንዳንዶቻችሁማ እንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አብራችሁኝ ዘፍናችሁታል (ጎረቤት ክፍል ያለው መምህር እስኪቆጣን ድረስ)።

ግጥሙን የጻፈው ግን ካውቦይ አይደለም፤ ሐኪም ነው። ዶክተር ብሩስተር ሂግሊ ይባላል። በ1870ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ካንሳስ ውስጥ ቢቨር በሚባል ጅረት አጠገብ ሲኖር ነው የጻፈው። ዜማውን የሠራለት ዳንኤል ኬሊ የሚባል ያገሩ ሰው ነው። ርዕሱም «ምዕራባዊ ቤቴ» እንደማለት ነበር። እዚያው በአካባቢው ጋዜጣ ታተመ።

ከዚያ ዘፈኑ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። በ1910 ጆን ሎማክስ የካውቦይ ዘፈኖችን ሰብስቦ በመጽሐፍ ሲያሳትም ሌላ መልክ ይዞ ወጣ። ዛሬ ሰው ሁሉ ከአዝማቹ የሚያውቀው «ሬንጅ»፣ ሰፊው የግጦሽ ሜዳ ማለት ነው፣ በሐኪሙ ግጥም ውስጥ የለም። ሐኪሙ በስማቸው የጠራቸው የሰለሞን ሸለቆና ደጁ ላይ የሚፈሰው ቢቨር ደግሞ ከመጽሐፉ ጠፍተዋል። ነባሮቹ ሕዝቦች ከምድራቸው መገፋታቸውን የሚያነሳ፣ እሱ ያልጻፈው አንጓ ገብቷል። የሐኪሙ ስምስ? የለም።

ሎማክስ ሰረቀ እያልኩ አይደለም፤ ከዘፋኝ የሰማውን ነው ያሳተመው። ቴክሳስ ያለ ከብት ነጂ ስለ ካንሳስ ጅረት ምን አገባው? በአፉ የመጣለትን ዘፈነ፣ በቃ።

እውነት ለመናገር አዝማቹ ተለውጦ አምሮበታል። የሚያናድደኝም ይሄ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት ለተማሪዎች ምረቃ የጻፍኳት ግጥም አለች። አሁንም በየዓመቱ ትነበባለች አሉ፤ ሁለት ስንኝ ተቀይሮላት፣ «ደራሲው ያልታወቀ» ተብላ። አንዷ አዲስ ስንኝ ከእኔ ትበልጣለች፣ አልክድም። ሌላዋ የተነሳችው ግን የእናቴን ሰፈር የጠራሁባት ነበረች።

የሂግሊን ስም ያስመለሰው ክስ ነው። በ1934 የአሪዞና ባልና ሚስት «ዘፈኑ የኛ ነው» ብለው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ። የሙዚቃ አሳታሚዎቹ የላኩት ጠበቃ ምንጩን ፍለጋ ሲዞር ካንሳስ ደረሰ፤ ጋዜጣው ላይ የወጣውንም፣ ዘፈኑን በልጅነታቸው የሰሙ ሽማግሌዎችንም አገኘ። ክሱ ቀረ። ሂግሊ ግን በ1911 ሞቷል፣ ይህን አላየም።

የምረቃዋን ግጥም የመጀመሪያ ቅጂ ያስቀመጣችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። እኔ ጋ የለም።