ወደ «ድንግል» የሚወስደው መንገድ

ካርታው የወጥ ቤታችንን ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። እንዳይጠቀለል በአራቱም ጥግ የቡና ሲኒ አስቀምጠንበታል። ባለቤቴ በስልኩ ኪሎ ሜትር ያሰላል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ «ባሕር! ባሕር!» ይላል። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ደግሞ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከእኛ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። እናቴ መነጽሯን አስተካከለችና ጣቷን ካርታው ላይ አሳረፈች።

«እስቲ የምትወስዱኝን ቦታ ንገሩኝ። ስሙን የማላውቀው አገር አልሄድም» አለች።

የምንኖረው ደብሊን ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችው በሦስት ወር ቪዛ ነው። ሁለቱ ወር ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ስንመላለስ አለቀ። ጉልበቷ ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው፤ ዳግመኛ ያን ሁሉ ሰዓት አውሮፕላን ላይ ተቀምጣ መምጣቷን እንጃ። ስለዚህ በነሐሴ አጋማሽ ስድስት ቀን ወስደን የአየርላንድን ገጠር በመኪና እናሳያት አልን።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ትልቋ ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ ግን አትናገርም። ትንሽ ሳለች ትናገር ነበር። ስምንት ዓመቷ ላይ አያቷን በስልክ «አንተ እንዴት ነህ?» አለቻት። ስልኩን ከብቦ የነበረው ዘመድ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ የፍቅር ነበር። እሷ ግን ፍቅሩን አላየችም፤ ሳቁን ብቻ ሰማች። ከሳቁት አንዷ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በአማርኛ ስንጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እናቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አታውቅም። ሁለት ወር ሙሉ አያትና የልጅ ልጅ ይሳሳማሉ፣ ይተያያሉ፣ ፈገግ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ነው።

ዕቅዱን የጀመርነው ከሰሜን ነበር። ትንሹ ልጄ «ጃይንትስ ኮዝዌይ» የሚባለውን ቦታ በመጽሐፍ አይቶታል። ብዙዎቹ ባለ ስድስት ጎን የሆኑ ጥቁር የድንጋይ ምሰሶዎች እንደ ማር እንጀራ ተደርድረው ወደ ባሕር የሚገቡበት ቦታ ነው። ችግሩ ቦታው ሰሜን አየርላንድ ውስጥ መሆኑ ነው። ሰሜን አየርላንድ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ነው። ድንበሩ ላይ ኬላ የለም። መሻገራችሁን የምታውቁት በመንገድ ዳር ምልክት ላይ ያለው ፍጥነት ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲለወጥ ነው። የእናቴ ቪዛ ግን ለአየርላንድ ሪፐብሊክ ብቻ ነው።

«ኬላ ከሌለ ማን ያየናል?» አለ ልጄ።

እናቴ ራሱን ዳሰሰችው። «የኔ ጌታ፣ እንግዳ በበር ይገባል እንጂ አጥር አይዘልም» አለች። ሰሜን ተሰረዘ።

ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ዞርን። ባለቤቴ የቦታዎቹን ስም ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ግሌንዳሎክ፣ ኪልኬኒ፣ ዲንግል...»

«ማን አልከኝ?» አለች እናቴ።

«ዲንግል። በምዕራብ ጫፍ፣ ባሕሩ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት።»

እናቴ አማተበች። «ድንግል የምትባል ከተማ እያለች፣ ያውም በፍልሰታ ጾም፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? የምንሄደው እዚያ ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። ቃሉ ሌላ መሆኑን ስንነግራት እናቴም ዕንባዋ እስኪመጣ አብራን ሳቀች። ያን ጊዜ ልጄ ማዳመጫዋን አወለቀች። አያቷን ትክ ብላ ታያት ነበር። በራሷ ስህተት የምትስቅ ትልቅ ሰው ያየች አልመሰለኝም።

ወደ ጠረጴዛው መጣችና «ትክክለኛ ስሙ አን ዳንገን ነው» አለች። «ትርጉሙ...» ብላ ቆመች። ቃሉ በአማርኛ ጠፋት። ልረዳት አፌን ስከፍት ባለቤቴ በክርኑ ነካኝ። ልጄ ሁለት እጇን አንስታ በአየር ላይ ግድግዳ ሠራች። «ወታደር ውስጥ ነው። ጠላት አይገባም።»

«ምሽግ!» አለች እናቴ።

«ምሽግ» ብላ ደገመች ልጄ።

«ታዲያ ምን ልዩነት አለው? ለእኔ ድንግል ማርያምም ምሽጌ ናት» አለች እናቴ። የጉዟችን መድረሻ በዚህ ተወሰነ።

አየርላንድ የራሷ ቋንቋ እንዳላት ብዙ ሰው አያውቅም። አይሪሽኛ የእንግሊዝኛ ዘዬ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ጥንታዊ ቋንቋ ነው። በሕገ መንግሥቱም የአገሪቱ የመጀመሪያ የሥራ ቋንቋ ተብሎ ተጽፏል። ሆኖም አብዛኛው ሕዝብ በየዕለቱ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው። ልጆች አይሪሽኛን የሚማሩት በትምህርት ቤት ነው፤ የእኔም ልጅ ትማራለች። የመንገድ ምልክቶች ላይ ከላይ አይሪሽኛ፣ ከታች እንግሊዝኛ ይጻፋል። ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ስሞች የአይሪሽኛው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እንደተሰማ የተጻፈባቸው ናቸው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ምንም ትርጉም አይሰጡም፤ በአይሪሽኛ ግን ይናገራሉ።

እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ስኖር ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። እናቴ ግን ስትሰማው ያዘችው። ጣቷን ከከተማ ወደ ከተማ እያንቀሳቀሰች «ይኸኛውስ ምን ማለት ነው?» ትላለች። ሊመልስ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ግሌንዳሎክ ማለት «ሁለት ሐይቆች ያሉበት...» ልጄ እጆቿን ወደ ታች ዝቅ አድርጋ ሁለት ተራራና በመካከላቸው ያለውን ጉድጓዳ ቦታ ሠራች። «ሸለቆ» አለች አያቷ። ኪልኬኒ ማለት የቅዱስ ካኒስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ «ኪል» በአይሪሽኛ ቤተ ክርስቲያን ነውና።

«እኛም እንዲሁ ነን» አለች እናቴ። «ደብረ ብርሃን የብርሃን ተራራ ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ናት። አርባ ምንጭም አለ።»

«አርባ ምንጭ?» ልጄ ስሙን ደጋግማ ሰምታዋለች። ለእሷ ግን እስከዚያ ቀን ድምፅ ብቻ ነበር። «አርባ... ቁጥሩ? ምንጭ ምንድን ነው?»

«ውኃ ከመሬት ሲፈልቅ።»

«አርባ ጊዜ?»

«አርባ ቦታ፣ የኔ እመቤት።»

ልጄ ተነሥታ ደብተር አመጣች። ገጹን በሦስት ከፈለችው። በመጀመሪያው አይሪሽኛ፣ በሁለተኛው እንግሊዝኛ፣ በሦስተኛው አማርኛ። አማርኛውን አያቷ ትነግራታለች፤ እሷ በፊደል ትጽፋለች። «ሸ» ስትጽፍ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ታወጣ ነበር።

በሁለተኛው ምሽት እናቴ አንድ ነገር ጠየቀች። «ይህን የመሰለ የራሳቸው ቋንቋ ካላቸው፣ ለምን ተዉት?»

ልጄ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ተምራዋለች። እንዲህ ነው። አገሪቱን የሚገዙት እንግሊዞች ስለነበሩ ፍርድ ቤቱም ትምህርት ቤቱም በእንግሊዝኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 የድንች በሽታ ገባ። ድሃው ገበሬ የሚበላው ድንች ነበርና ረሃብ ሆነ። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። ክፉኛ የተጎዳው አይሪሽኛ የሚነገርበት ምዕራቡ ነበር። የተረፉት ወላጆች ልጆቻቸው እንግሊዝኛ እንዲናገሩ ፈለጉ፤ መርከቡ የሚሄደው ወደ አሜሪካና ወደ እንግሊዝ ነውና።

ልጄ ግን ይህን ሁሉ የተናገረችው በአምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። «ድንች ታመመ። ሰው ራበው። ብዙ ሞቱ። ሌሎች በመርከብ ሄዱ። እናቶች ልጆቻቸውን እንግሊዝኛ አወሩ አሉ።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሰዋስው የለውም። ማንም አላረማትም።

እናቴ ብዙ ዝም አለች። «የሰባ ሰባቱን ረሃብ እኔም አይቻለሁ» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እና ልጆቹ ከአያቶቻቸው ጋር በምን አወሩ?» ብላ ጠየቀች።

የመለሰ የለም። እኔ ቡናውን ላወርድ ብዬ ተነሣሁ። ቡናው ገና አልፈላም ነበር።

ከዚያ በኋላ የጉዞው መሪ ልጄ ሆነች። ተመሳሳይ ጉዞ የምታስቡ ቤተሰቦች ካላችሁ የእኛ ዕቅድ ይህን ይመስል ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከደብሊን ወደ ግሌንዳሎክ፣ ከዚያ ኪልኬኒ ማደር። በሁለተኛው ቀን እስከ ዲንግል መንዳት። ሦስተኛውን ቀን እዚያው መዋል። በአራተኛው ቀን የሻነንን ወንዝ ከታርበርት ወደ ኪሊመር በመኪና ጀልባ መሻገር፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ በሊመሪክ በኩል ከመዞር ያድናል። በአምስተኛው ቀን 214 ሜትር ከፍታ ያላቸውን የሞኸር ገደሎች አይቶ ጎልዌይ ማደር። በስድስተኛው ቀን በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተውን የክሎንማክኖይስን ገዳም ፍርስራሽ ተሳልሞ ወደ ቤት መመለስ።

አንድ ሕግ አወጣን፤ በቀን ከአራት ሰዓት በላይ አንነዳም። ካርታ ላይ አጭር የሚመስል የገጠር መንገድ ሰዓት ይበላል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በሁለቱም ወገን ቁጥቋጦ አጥር አለ፤ አንዳንዱ መሀሉ ላይ ሣር በቅሎበታል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በገጠር የአካባቢ መንገዶች ላይ መደበኛው የፍጥነት ወሰን ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ወርዷል። ከፊት ሌላ መኪና ከመጣ አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ ያሳልፋል። ቁመቱ ከ150 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ36 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው፤ ትንሹ ልጄ «እኔ ሕፃን አይደለሁም» ብሎ አኮረፈ፤ አልሰማነውም።

የምግቡን ነገር የወሰነው ጾሙ ነበር። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትበላም፤ ስለዚህ የምሳ ማቆሚያችን ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆነ። የአገሩ ቡናማ ዳቦ የጾም ይመስላል፤ ግን የሚሠራው በአሬራ ነው። ስለዚህ ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ተከራየን፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎና በሶ ጫንን። ድንች ግን በየቦታው አለ።

ልጄ በደብተሯ ላይ ለዲንግል ሁለት ስም ጻፈች። ምክንያት ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት ሕጋዊ ስሟ አይሪሽኛው ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በቱሪስት የሚተዳደሩ ብዙ ነዋሪዎች ግን ጎብኚ በካርታው ላይ ያለውን ስም ምልክቱ ላይ ካላገኘ ይጠፋብናል ብለው ተከራከሩ። በ2011 «ዲንግል» በሕግ ተመለሰ። አካባቢው አይሪሽኛ አሁንም የቤት ቋንቋ ከሆነባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው፤ እንዲህ ያለውን አካባቢ «ጌልታኽት» ይሉታል። እዚያ የመንገድ ምልክቶች በአይሪሽኛ ብቻ ይጻፋሉ። በየበጋው ከመላ አገሪቱ ተማሪዎች ወደዚህ ይመጣሉ። በመንደሩ ቤቶች ውስጥ እየኖሩ የገዛ አገራቸውን ቋንቋ ለሦስት ሳምንት ያህል ይማራሉ። የልጄ ጓደኞች ሄደው ነበር። «እነሱም ሲናገሩ ያፍራሉ» አለችኝ።

ስለ ጉዞው ብዙ አልናገርም፤ ሁለት ነገር ብቻ። የመጀመሪያው፣ በገጠር መንገድ ላይ ሹፌሮች ሲተላለፉ አንድ ጣት ከመሪው አንሥተው ሰላምታ ይሰጣሉ። እናቴ ይህን ስታውቅ ለእያንዳንዱ መኪና አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሣች። «ሰው አገር መጣን» አለች።

ሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን የስሌይ ሄድን የባሕር ዳር መንገድ ስንዞር ነው። አስጎብኚ አውቶቡሶቹ እንደሚያደርጉት በሰዓት አቅጣጫ ነበር የምንዞረው፤ ጠባቡ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ላለመግጠም ነው። የስልካችን ጂፒኤስ ጠፋ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ደረስን፤ ምልክቱ ሁሉ አይሪሽኛ ነው። ባለቤቴ ግራ ገባው። ከኋላ ወንበር ልጄ «ጌል ሽሊ! ቅድሚያ ስጥ፣ አባዬ!» ብላ ጮኸች። ቆምን። ከአጥሩ ጀርባ አንድ ትራክተር ወጥቶ አለፈ። እናቴ የልጄን እጅ ያዘች፤ እስከ ማረፊያችን አልለቀቀችውም። ከኋላ የሁለቱ ወሬ ይሰማኛል። «ይኸስ?» «ትልቅ ድንጋይ።» «ቋጥኝ በይ።» «ቋጥኝ።» እኔ ወደ ኋላ ሳልዞር በመስኮት ባሕሩን አየሁ።

እናቴ በመስከረም ተመለሰች። ደብተሩ ልጄ ጋር ቀርቷል፤ በሦስተኛው ዓምድ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ቃል አለ። ባረፈች ማግሥት ደወልን። ልጄ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«እማማ፣ ደረስህ?» አለች። ፊቷ ቀላ። ሁላችንም ዝም አልን።

«ደረስሽ?» ብላ ራሷ አረመችው፤ ከዚያ ራሷ ሳቀች። አያቷም ከወዲያ ማዶ ሳቀች።

«ደረስኩ፣ ሆዴ። ለጎረቤት ሁሉ ድንግል ደርሼ መጣሁ ብያቸዋለሁ።»