ኮምቦልቻ ላይ ወራጅ አለ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ታገሱኝ። ልብ ወለድ እየጻፍኩ እንደሆነ አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ። በክረምቱ እረፍት ጀምሬ አሁን የተማሪ ደብተር ከማረም በተረፈችኝ ሰዓት እገፋዋለሁ። ታሪኩ አለ፣ ሰዎቹም አሉ። ሲያስጨንቀኝ የከረመው ከተማው ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው ስትመልስ፣ ከተመለሱት መሀል አንዲት የደሴ ልጅ አለች። ባዶ እጇን ነው የመጣችው። ለደላላ የተከፈለ ብድር አለባት። በላከችው ብር ተጀምሮ ጣሪያ ያልለበሰ የእናቷ ቤት አለ። ታዲያ ይቺ ልጅ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከወረደች በኋላ ወዴት ትሂድ?

መጽሐፍ የማያመልጠው አንድ ጓደኛዬ «አዲስ አበባ አስቀራት፤ ገዢው ያለው እዚያ ነው» አለኝ። ምክሩ የሚናቅ አይደለም። አዲስ አበባ ብትቀር ኮተቤ ወይ አየር ጤና አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ጅዳ የቀረች ጓደኛዋን «ደህና ነች፣ ሥራ ላይ ነች በይልኝ» እያለች ለእናቷ እያስደወለች፣ ሁለት ዓመት መክረም ትችላለች። ከተማው ሰፊ ነው፣ ሰው ይደብቃል። ስለዚህ አዲስ አበባን ከመረጥኩ የምጽፈው የመደበቅ ታሪክ ነው።

ደሴ ላይ ግን አንድ ሳምንትም አትደበቅም! ደሴን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ቶሳ ሥር ቀጠን ብላ የተዘረጋች ከተማ ናት። ፒያሳም ሂድ፣ ቧንቧ ውሃም ሂድ፣ ሰኞ ገበያም ውረድ፣ ዞሮ ዞሮ ዋናው አስፋልት ላይ መውጣትህ አይቀርም። ሰኞ የተጣላኸውን ሰው እስከ ሐሙስ ሦስቴ ታገኘዋለህ። መናኸሪያ ስትወርድ ረዳቱ ወንድምህን ያውቀዋል፣ ሻንጣህን የሚያወርደው ልጅ ደግሞ የጎረቤትህ ልጅ ነው። እዚህ ልጅቷ ስትመጣ ሁሉም ያያል። ምን ይዛ እንደመጣችም በሻንጣዋ መጠን ይገምታል።

እናላችሁ፣ ከተማውን ስቀይር ታሪኩ አብሮ ተቀየረ። ደሴ ላይ ምስጢሩ የልጅቷ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» እያለ ስኳሩን ይዞ ይመጣል። ቡናው ይፈላል፤ አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም ይጠጣል። ስለ ጣሪያው ግን አንድም ሰው አያነሳም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እንዳላወቀ ይሆናል። እኔ ያደግኩት በዚህ ዓይነት ዝምታ መሀል ነው፤ ሰውን እንዴት እንደሚያሞቅም፣ እንዴት እንደሚያቆስልም አውቀዋለሁ።

ከዚያ ደግሞ መልክአ ምድሩ ራሱ አንድ ምዕራፍ ሰጠኝ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚመጣ አውቶቡስ ደሴ ከመግባቱ በፊት ኮምቦልቻን ያልፋል። ከዚያ ወዲያ የሐረጎ ጠመዝማዛ ነው፣ ዳገት ነው፣ ብርድ ነው። ልጅቷ ደሴ በቀን ብርሃን፣ ሰው እያያት መግባት ፈራች። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ «ወራጅ አለ!» ትላለች። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራት አልጋ ይዛ ታድራለች። እናቷ ከዳገቱ በላይ ናት፣ እሷ ከዳገቱ በታች። የለበሰችው የጅዳ ሙቀት ልብስ ኮምቦልቻ ላይ ብዙም አያስታውቅባትም። ደሴ ስትደርስ ግን ብርዱ ያሳብቅባታል፤ አንዲት ጎረቤት ምንም ሳትጠይቅ ጋቢዋን ታለብሳታለች። ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም፣ መንገዱና አየሩ ናቸው የነገሩኝ።

የቦታ ስም መደርደር ከተማን አያሳምንም የምለው ለዚህ ነው። ተማሪዎቼን አጭር ልብ ወለድ ጻፉ ስላቸው አብዛኞቹ ታሪኩን ቦሌ ያደርጉታል። አንዷ ገጸ ባሕሪዋን ከቦሌ መርካቶ በእግሯ በአሥር ደቂቃ አደረሰቻት፤ አዲስ አበባን የሚያውቁት ልጆች በሳቅ ሞቱ። ይቺው ልጅ በሌላ ጊዜ ሰኞ ገበያ በርበሬ ስለምትሸጥ እናት ጻፈች። በርበሬው ዝናብ ነክቶታል። ገዢዋ ዛላውን ሰበር አድርጋ ስታሸተው እናትየው ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። የሰፈር ስም የጠራችው አንዴ ብቻ ነው።

ትልልቆቹም ጋ ብትሄዱ ያው ነው። ማንኩሳና ዲማ እውነተኛ የጎጃም ቦታዎች ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ ከማንኩሳ ወጥቶ ዲማ ባይደርስ ሰብለወንጌልን አያገኛትም ነበር። በዓሉ ግርማ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አሥመራ ነበረ፤ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ወጣ። አሥመራን ረግጠን የማናውቅ ሰዎች ከተማዋን ያየናት ያህል የሚሰማን ደራሲው ከታሪኩ ስላልነጠላት ይመስለኛል። ወዲያ ናቅፋ ላይ እሳት ነው፣ ወዲህ ከተማዋ ቡናዋን ትጠጣለች፣ ሰው በሰው ይዋደዳል። ሌላ ከተማ ቢሆን ያ ታሪክ አይቆምም።

ከተማ ስትመርጡ ደግሞ ዓመቱንም አብራችሁ ነው የምትመርጡት። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ነው፤ በ2006 ገጸ ባሕሪን ባቡር ላይ ማሳፈር አይቻልም። ቴሌብር የመጣው በ2013 ነው፤ የኔዋ ልጅ ብሯን የምትልከው በባንክ ወይ በሰው እጅ ነው። አንባቢ አንድ እንዲህ ያለ ነገር ከያዘባችሁ እንባዋንም አያምናችሁም። የኔ ደሴ የ2006 ደሴ ናት። ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ከገባ ወዲህ ያለችውን ደሴ ለመጻፍ እጄ ገና እሺ አላለኝም።

አንድ የቀረ ጭንቀት አለ። ትንሽ ከተማ ላይ የጻፍከው ሰው የአንዱ እህት ሆኖ ይገኛል። መጽሐፉ በወጣ ማግስት «ይቺ የእነ እገሌ ልጅ አይደለችም?» የሚል አይጠፋም። ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ስንት ልጆች አሉ! ጎረቤት በዝምታ የሸፈነላቸውን እኔ በመጽሐፍ ልገልጥባቸው? የከተማውን ስም ልቀይረው ብዬም አስቤ ነበር። ግን ስሙን ቀይሬ ሐረጎን ከተውኩት ልጅቷን የት ላሳድራት? ሐረጎን ካስገባሁ ደግሞ የፈጠራው ስም ማንን ያታልላል?

ስለዚህ እንዲህ ወስኛለሁ። ከተማው፣ መንገዱ፣ ብርዱ፣ ገበያው እውነት ይሁን። ቅያሱ፣ ግቢውና ቤተሰቡ ፈጠራ። ጣሪያ ያልለበሰውን ቤት ማንም ጣቱን ቀስሮ ሊያሳየው በማይችልበት፣ በሌለ ቅያስ ውስጥ አቆመዋለሁ። አንባቢ ደሴን ያግኝ፣ ልጅቷን ግን ሰፈር ለሰፈር ዞሮ አያግኛት።

አሁን ደግሞ የናንተ ተራ ነው። በ2006 ደሴ ውስጥ ባጃጅ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ስንት ነበር? አንድ ቆርቆሮስ ስንት ይሸጥ ነበር? ከአዲስ አበባ የሚነሳው አውቶቡስ ኮምቦልቻ ስንት ሰዓት ላይ ይደርስ ነበር? የምታስታውሱ ከሥር ጻፉልኝ። በዚያ ዓመት የተመለሳችሁ እህቶቼ ደግሞ መናገር የምትፈልጉት ነገር ካለ በውስጥ መስመር አለሁ። ስማችሁንም ሰፈራችሁንም አላነሳም።