በአይሮፕላን ላይ የተሳለ ራስ ቅል

በጭሮ ዳገት ቆሞ ከሂርናና ከበዴሳ የሚመጡትን የጭነት መኪናዎች ግንባር ማንበብ ለእኔ እንደ መጽሐፍ ንባብ ነው። አንዱ የጻድቅ ስም፥ አንዱ የአላህን ምስጋና፥ ሌላው የእናቱን ስም አስጽፎበታል። ሰው ነፍሱን አደራ በሚሰጠው መሣሪያ ላይ የሚወደውን መጻፉ የቆየ ልማድ ነው።

በ1928 ዓ.ም. በሰማያችን የመጡት ሰዎች ግን ሌላ መረጡ። የሙሶሊኒ አማች ጋሌአጾ ቻኖ ያዘዘው 15ኛው የቦምብ ጣይ ጓድ ስሙ «ላ ዲስፔራታ»፥ ይኸውም «ተስፋ የቈረጠችው» ነበር፤ ምልክቱም የሙት ራስ ቅል። ባለ ሦስት ሞተር ካፕሮኒዎቹ መስከረም 22 ቀን ጦርነቱ ሲከፈት ዓድዋን ከደበደቡት መካከል ነበሩ። የራሱን ሞት የሚንቅ ወታደር ራስ ቅል ቢሥል ይገባኛል። ዳሩ ግን ኢትዮጵያ ካፕሮኒን የሚገጥም ተዋጊ አይሮፕላን አልነበራትም። እንግዲህ የተሳለው ሞት የማን ነበር? የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ፥ እርሱም ቦምብ ጣይ ነበር፥ በፈረሰኞች መካከል የፈነዳውን ቦምብ በመጽሐፉ ከሚፈካ አበባ ጋር አመሳስሎታል። ከሥዕሉ ይልቅ ይህ ምሳሌ ያስፈራኛል።

ኅዳር 26 ቀን ደሴ ስትደበደብ የቀይ መስቀል ሆስፒታል ተመታ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኮሱ። መጋቢት 20 ቀን ደግሞ ተራው የሐረር ሆነ።

ያው ብሩሽ ወደ ከተማችንም ደርሷል። በጦርነቱ ዋዜማ በዤኔቭ ስለ ኢትዮጵያ ይሟገቱ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ለጨርጨር አርአያ እንድትሆን ያቋቋሟት አሰበ ተፈሪ፥ በወራሪው ካርታ «አስባ ሊቶሪያ» ተባለች፤ ሊቶሪዮ የፋሺስቶች የበትር እስር ነው። ቀለሙ ግን እስከ 1933 ዓ.ም. ብቻ ቆየ። ቻኖንም በጥር 1936 ዓ.ም. በቬሮና የረሸኑት የገዛ አማቱ ሰዎች ናቸው።

በዚያው በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠርቶ ነበር። ቦምብ አልተጫነባትም። ስሟ «ፀሐይ» ነው፥ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች። ኢጣልያኖች ማርከው ወሰዷት፤ ከሮማ አጠገብ በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየምም ለብዙ ዘመን አቆሟት። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከእነ ስሟ ለአገሯ ተመለሰች።