ውድስ ሆል፤ ከባሕር መውሰድና ከባሕር መማር

ከቦስተን ከተማ ተነሥቶ በመኪና ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ መርከቦች በሚያልፉበት ሰፊ ቦይ ላይ የተዘረጋውን ከፍተኛ ድልድይ ተሻግሮ ኬፕ ኮድ ከሚባለው ምድር ይገባል። ኬፕ ኮድ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ነው፤ በካርታ ላይ ሲታይ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ተዘርግቶ ከክርኑ የታጠፈ የሰው ክንድ ይመስላል። በዚህ ክንድ ብብት ሥር፣ ከቦስተን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ውድስ ሆል የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች።

መንደሪቱ በብርድ ወራት የሚኖርባት ሕዝብ ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ሙቀቱ ሲገባ ግን ከልዩ ልዩ አገር ሊቃውንትና ተማሪዎች ይመጡባታል። ዋናው መንገዷ «ዋተር ስትሪት» ይባላል፤ ትርጓሜው «የውሃ መንገድ» ማለት ነው። በመንገዱ መካከል አንድ የሚነሣ ድልድይ አለ። ጀልባ ወደ ውስጠኛው ኩሬ ሊገባ በፈለገ ጊዜ ድልድዩ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ ባለ መኪናውም፣ እግረኛውም፣ ስመ ጥር ሊቅም ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል። ወደ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት የሚሻገሩት መርከቦችም የሚነሡት ከዚሁ ወደብ ነው።

ክቡር አንባቢ፣ ይህችን መንደር እንድንጎበኝ ያነሣሣን የመልክዓ ምድሯ ውበት ብቻ አይደለም። በሐኪም ቤት ከምናገኛቸው ብዙ ጥቅሞች አንዳንዶቹ ምንጫቸው በዚህ ስለ ሆነ ነው። ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ግን፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን እናስታውቃለን።

በውሃ መንገድ ዳር ከድንጋይ የተሠራ አንድ አሮጌ ቤት ቆሞ ይታያል። ስሙ «የሻማ ቤት» ይባላል፤ የተሠራውም በ1836 ነው። በዚያ ዘመን የአካባቢው መርከበኞች ዓሣ ነባሪን እያሳደዱ ይገድሉ ነበር። ከአንደኛው የዓሣ ነባሪ ዓይነት ራስ ውስጥ የሚወጣው ሰም ጭስ የሌለው ጥሩ ሻማ ይሆናል፤ ይህም ሻማ በዚሁ ቤት ይከማች ነበር። በዚህ አኳኋን የሀብታሙ አዳራሽ እንዲበራ ታላቁ እንስሳ በባሕር ላይ ይሞት ነበር። ዓሣ ነባሪዎቹ እየተመናመኑ ሄዱ፤ በ1859 በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ዘይት ጕድጓድ ከተቈፈረ በኋላም ላምባ ርካሽ እየሆነ የዓሣ ነባሪውን ዘይትና ሰም ተካው። ከዚያ ቀጥሎ፣ በ1863፣ ከሩቅ ደሴቶች የመጣ የወፍ ኩስ ከዓሣ ጋር ተደባልቆ ማዳበሪያ የሚሆንበት ፋብሪካ በመንደሪቱ ተቋቋመ፤ እርሱም በ1889 ተዘጋ። የዚያ ዘመን ሰው ባሕርን የሚያየው እንደ ጎተራ ነበር፤ ከመውሰድ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

ነገር ግን ፋብሪካው ከመዘጋቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1888፣ በዚያችው መንደር የባሕር ሕይወት ምርምር ላቦራቶሪ ተከፈተ። ከዚያ አስቀድሞም ከ1871 ጀምሮ ስፔንሰር ቤርድ የተባሉት ሊቅ ስለ ዓሣ ሀብት የሚያጠና የመንግሥት ሥራ በዚሁ ጀምረው ነበር። በ1930 ደግሞ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተጨመረ። የሻማው ቤትም ውሎ አድሮ የላቦራቶሪው ንብረት ሆነ። ሰው ከባሕር መውሰድን ሳይተው ከባሕር መማርን የጀመረው እንዲህ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች አንዱ ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ነው። አጥንት የለውም፤ እጆቹ ብዙ ናቸው። ጠላት ሲመጣበት ሰውነቱን ድንገት ጨምቆ ውሃ በመርጨት ወደ ኋላ ይፈተለካል። ለዚህ ሽሽት ትእዛዙ ከአንጎሉ ወደ ሰውነቱ በፍጥነት መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ተፈጥሮ እጅግ ወፍራም የነርቭ ክር ሰጥታዋለች። የዚህ ክር ውፍረት እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በሰው ገላ ውስጥ ያሉት ግን ወፍራሞቹ እንኳ ከ1 ሚሊ ሜትር ሃምሳኛ እጅ እምብዛም አያልፉም፤ በውስጣቸው መሣሪያ ማስገባት በዚያን ጊዜ የማይቻል ነገር ነበር። በስኩዊዱ ክር ግን ተቻለ።

ጄ. ዜድ. ያንግ የተባሉት እንግሊዛዊ በ1936 የዚህን ወፍራም ክር ጥቅም ለሊቃውንት አስረዱ። ኬኔት ኮል በውድስ ሆል፣ አላን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ የባሕር ዳር ላቦራቶሪ በክሩ ላይ መረመሩ። በ1952 ሆጅኪንና ሃክስሊ የነርቭ መልእክት ምን እንደ ሆነ ገለጡ፤ ሶዲየም ወደ ክሩ ውስጥ ሲገባና ፖታሲየም ወደ ውጭ ሲወጣ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። በ1963 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው ማደንዘዣ እንዴት እንደሚሠራ የምናውቀው በዚህ ትምህርት ነው፤ ሶዲየም የሚገባበትን በር ይዘጋል፣ የሕመሙም መልእክት ወደ አንጎል ሳይደርስ ይቀራል።

ሁለተኛው አስተማሪ ከስኩዊድም ያነሰ ነው፤ የባሕር ጃርት ይባላል። ክብ ነው፣ እሾህ ለብሷል፣ በባሕር ወለል ላይ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በ1982 የሙቀት ወራት ቲም ሃንት የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ በውድስ ሆል የባሕር ጃርት እንቍላል ሲመረምሩ አንድ እንግዳ ነገር አዩ። እንቍላሉ ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት እየተከፈለ ሲያድግ፣ በውስጡ ያለ አንድ ፕሮቲን እየበዛ ይሄድና በእያንዳንዱ መከፈል ጊዜ በድንገት ይጠፋል፤ እንደ ገናም ይበዛል። ስሙንም «ሳይክሊን» አሉት፤ ዞሮ የሚመለስ እንደ ማለት ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ነገሩ በዚያ እንቍላል ውስጥ አልቀረም። ሳይክሊን በሰው ሕዋስ ውስጥም የመከፈልን ጊዜ የሚወስን ሆኖ ተገኘ። ነቀርሳ ማለት ደግሞ የሕዋሶች መከፈል ሥርዐቱን ሲለቅ የሚመጣ በሽታ ነው። ሃንት ከሁለት ባልደረቦች ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከ2015 ጀምሮም ከሳይክሊን ጋር የሚጣመሩትን ፕሮቲኖች የሚገቱ መድኀኒቶች ለጡት ነቀርሳ ሕመምተኞች ይሰጣሉ።

ሦስተኛው አስተማሪ ግን ትምህርቱን የሚከፍለው በደሙ ነው። በእንግሊዝኛ «ሆርስሹ ክራብ» ይሉታል፤ የፈረስ ጫማ ሸርጣን ማለት ነው። በስም ሸርጣን ይባል እንጂ ዝምድናው ከሸረሪት ጋር ይቀርባል። ጀርባው እንደ ራስ ቍር የጠነከረ ነው፤ ጅራቱ እንደ ጦር ሹል ነው። ወገኑ በምድር ላይ ከ400 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ኖሯል። በግንቦትና በሰኔ፣ ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ፣ ባሕሩ ሞልቶ ዳርቻውን በሚሸፍንበት ሌሊት ሴቶቹ ወደ አሸዋው ወጥተው እንቍላላቸውን ይቀብራሉ። ሰው ለብዙ ዘመን እንደ ርባና ቢስ ይቈጥረው ነበር፤ ፈጭቶ ማዳበሪያ ያደርገው፣ ለዓሣ ማጥመጃም ይከታትፈው ነበር።

የዚህ እንስሳ ደም ሰማያዊ ነው። የእኛ ደም አየር የሚሸከመው በብረት ሲሆን የእርሱ ግን በመዳብ ነው። ፍሬዴሪክ ባንግ የተባሉት ሐኪም በውድስ ሆል ስለ ደሙ ሲመረምሩ ባክቴሪያ ወጉት፤ ደሙም በሰውነቱ ውስጥ ረጋ። ይህን በ1956 አሳተሙ። በኋላም ጃክ ሌቪን ከሚባሉ ሐኪም ጋር ሆነው ምክንያቱን ደረሱበት። የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ልባስ ኤንዶቶክሲን የሚባል መርዝ አለበት፤ የሸርጣኑ የደም ሕዋሶች ይህ መርዝ በጥቂቱ እንኳ ሲነካቸው ወዲያው ይረጋሉ፤ ጠላትንም በዚያ ከብበው ያስራሉ።

ይህ ለሕክምና ምን ጠቀመ ቢሉ፣ መልሱ እነሆ። መድኀኒት ተፈልቶ ባክቴሪያው ቢሞትም መርዙ ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል፤ ያ መድኀኒት በደም ሥር ቢገባ ትኵሳት ያመጣል፣ ሰውንም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ መድኀኒቱን በጥንቸሎች ላይ እየወጉ ትኵሳታቸውን ይለኩ ነበር። ከሸርጣኑ ደም የተዘጋጀው መፈተኛ ግን ሥራውን በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ይፈጽመዋል፤ መርዝ ካለ ይረጋል፣ ከሌለ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። የአሜሪካ መንግሥት በ1977 በጥንቸሉ ፈንታ ይህን ተቀበለ፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በሎንዶን በመርፌ የሚሰጥ መድኀኒት፣ ከሠራው ፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈተነው በዚሁ ደም ወይም ደሙን አስመስሎ በተሠራ ነገር ነው። ልጁን ታቅፎ በጤና ጣቢያ ወረፋ የሚጠብቅ አባት ይህን እንስሳ አያውቀውም፤ ሆኖም የውለታው ተካፋይ ነው።

ትምህርቱም ገና አላለቀም። በውድስ ሆል በ2018 የታተመ ጥናት ላምፕሬይ የሚባለው እንደ እባብ የረዘመ ዓሣ ኅብለ ሰረሰሩ ቢቈረጥ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠግኖ እንደ ገና እንደሚዋኝና ለዚህ የሚያገለግሉት ብዙ ጂኖች በሌሎች እንስሳትም እንደሚገኙ አሳየ። በ2020 ደግሞ ስኩዊድ በዚያው በወፍራሙ የነርቭ ክር ውስጥ የዘር መልእክቱን ቅጂ እያረመ እንደሚጠቀምበት ታወቀ። ዋናው መጽሐፍ ሳይነካ ቅጂው ይታረማል እንደ ማለት ነው። በ2023 የታተመ ጥናትም ኦክቶፐስ ውሃው ሲቀዘቅዝበት እንዲሁ እንደሚያደርግ ገለጠ። ከዘር የሚወረስ በሽታን በዚህ ዓይነት እርማት ለማከም የሚደረገው ሙከራ በ2024 በሰው ላይ የመጀመሪያ ውጤቱን አሳይቷል።

እንግዲህ የሻማው ቤት ታሪክ የሚያነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። ለስኩዊድና ለባሕር ጃርት ምርመራ የሚበቃው ጥቂት ነው። የሸርጣኑ ደም ግን በየዓመቱ ከብዙ መቶ ሺህ እንስሳት ይቀዳል። ይያዛሉ፣ ከደማቸው ከፊሉ ይወሰዳል፣ ከዚያም አብዛኞቹ በሕይወት ወደ ባሕር ይመለሳሉ። የዓሣ ሀብት ጠባቂዎች ከመቶ 15 ያህሉ በዚህ ምክንያት ይሞታሉ ብለው ይገምታሉ፤ ከዚህ እጥፍ የሚያደርሱ ጥናቶችም አሉ። ለዓሣ ማጥመጃ የሚታረደውም በዚህ ላይ ይጨመራል። ጕዳቱ በእርሱ ብቻ አያበቃም። በዴላዌር ወሽመጥ ከደቡብ አሜሪካ ወደ ሰሜን ዋልታ የምትበር አንዲት ትንሽ ወፍ በመንገዷ አርፋ የምትበላው የሸርጣኑን እንቍላል ነው። ይህችም ወፍ በ2014 ለጥፋት የተጋለጠች ተብላ በአሜሪካ መንግሥት ተመዘገበች። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ያገራችን ምሳሌ የሚነገረው ለእንዲህ ያለ ነገር ነው።

ደግነቱ፣ በዓሣ ነባሪው ዘመን ላምባ እንደ ተገኘ ሁሉ ለዚህም ምትክ ተገኝቷል። የሲንጋፖር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ዲንግ ጄክ ሊንግና ሆ ቦው በሸርጣኑ ደም ውስጥ መርዙን የሚለየውን ፕሮቲን ጂን ለይተው፣ ፕሮቲኑ ያለ ሸርጣን ደም በላቦራቶሪ እንዲሠራ አደረጉ። አውሮፓ ይህን ምትክ ከ2021 ጀምሮ በሕጋዊ የመድኀኒት ደንቡ ውስጥ አገባ፤ በአሜሪካም የመድኀኒት መለኪያ የሚያወጣው አካል በ2024 አጽድቆት በ2025 በሥራ ላይ ዋለ። ይሁን እንጂ ምትክ መገኘቱ ብቻ እንስሳውን አያድነውም፤ ፋብሪካዎች ልማዳቸውን መለወጥ፣ ባለሥልጣኖችም ማዘዝ አለባቸው። ላምባ ለዓሣ ነባሪው ዘግይቶ ደረሰለት፤ ይህኛው ግን ሸርጣኑ ገና በብዛት ሳለ ደርሷል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የሚሠራበት ሰው ካለ።

የማሳቹሴትስ ግዛትም በ2024 ባወጣው ደንብ ሸርጣኖቹ እንቍላል በሚጥሉበት ወራት፣ ከአፕሪል 15 እስከ ጁን 7፣ እንዳይያዙ ከለከለ። ስለዚህ በዚያ ወቅት ወደ ኬፕ ኮድ የሚሄድ መንገደኛ በሌሊት ወደ ባሕሩ ዳር ቢወርድ ብዙዎቹን በአሸዋው ላይ ሊያያቸው ይችላል። አንዳንዶቹን ሞገድ በጀርባቸው ገልብጧቸው እግራቸውን ወደ ሰማይ ሲያወራጩ ያገኛቸዋል። እንዲህ ተገልብጦ ያደረ ሸርጣን ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል ወይም የወፍ ምግብ ይሆናል። በጅራቱ ማንሣት ይጐዳዋል፤ በሁለት እጅ የቅርፊቱን ጠርዝ ግራና ቀኝ ይዞ በቀስታ መገልበጥ ይገባል። አይናከስም። ከተቃና በኋላ መንገዱን ራሱ ያውቀዋል፤ ወደ ውሃው ይገባል።