ስማቸው ያልተጠራ ሰዎች

ታሪክ የሚያነብ ሰው ዐይኑን የሚጥለው በንጉሡና በጦር አለቃው ላይ ነው፤ በሩን የከፈተውን፥ ውኃ የቀዳችውን አያስባቸውም።

በ1977 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር) ‹‹ስታር ዎርስ›› የተባለ ስለ ከዋክብት ጦርነት የሚናገር የፈጠራ ፊልም በአሜሪካ ወጣ። በ40ኛው ዓመት፥ በ2017፥ 40 ታሪኮች ያሉት መድበል ታተመ። ደራስያኑ ጀግኖቹን ትተው በፊልሙ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚታዩትን፥ ተራውን ወታደር፥ የመጠጥ ቤቱን አሳላፊ፥ ጀግናውን ያሳደገችውን አክስት ባለታሪክ አደረጓቸው። የድካማቸውንም ዋጋ ለራሳቸው አልወሰዱም፤ ለችግረኞች ልጆች መጽሐፍ ለሚያድል ድርጅት ሰጡት።

ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን ልጅ እንግዳ አይደለም። ወንጌላዊው ዮሐንስ የጌታን ጐን በጦር የወጋውን ወታደር ስም አልጻፈም፤ ስንክሳር ግን ለንጊኖስ ብሎ ጠርቶ ሐምሌ 23 ቀን ሰማዕትነቱን ያስባል። ሆኖም ልዩነቱ ይታወቅ። ደራሲ ላልኖረ ሰው ሕይወት ይፈጥራል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን የኖረው ሰው እንዳይረሳ ትጠብቃለች።

ዛሬም በሳዑዲ ዐረቢያ፥ በሪያድ ከተማ፥ ሱለይማኒያን በመሰሉ ሰፈሮች በሰው ቤት የሚያገለግሉ የኢትዮጵያ ልጆች አሉ። በዚያ ቤት ታሪክ ውስጥ ስማቸው አይነሣ ይሆናል። እናት ግን የልጇን የክርስትና ስም በብጣሽ ወረቀት አስጽፋ በተሳላሚ እጅ ወደ ገዳም ትልካለች። እንግዲህ ተሳላሚው ወረቀቱን አይጣል፤ ተማሪውም ስሙን በችኰላ አይዝለለው። የዘለለው ስም ለእናቲቱ ታሪኩ ሁሉ ነውና።